በአክሰስ ዳታቤዝ ውስጥ አንድን ሥራ በየ15 ደቂቃው ማስደገም፦ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በማይክሮሶፍት አክሰስ የሠሩት ዳታቤዝ አላቸው። ሌላ ፕሮግራም በአንድ ፎልደር ውስጥ እየጻፈ የሚያስቀምጣቸውን የጽሑፍ ፋይሎች በየ15 ደቂቃው እያነሱ ወደ አንድ ሠንጠረዥ ማስገባት ይፈልጋሉ። ለዚህም በአንድ ፎርም ላይ ቁልፍ አስቀምጠው፣ ቁልፉ ሲጫን በቪዥዋል ቤዚክ «ታይመር» የተባለውን ፈንክሽን (ሲጠራ ዋጋ የሚመልስ የኮድ ክፍል) ዋጋ ይዞ 900 ሰከንድ እስኪሞላ የሚሽከረከር፣ በመሐሉም «ዱኢቨንትስ» የሚል ትእዛዝ ያለበት ሉፕ (ራሱን እየደጋገመ የሚሠራ ኮድ) ጽፈዋል። ቀን ቀን ሥራው ይከናወናል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ይከብዳል፣ አልፎ አልፎ አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ይገባል፣ ጠዋት ሲመለሱም ሥራው ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ቀደም ብሎ ቆሞ ያገኙታል። የስሕተት መልእክት የለም፤ አንዳንድ ሌሊት ደግሞ ያለ ችግር ያድራል። «ምን አጠፋሁ? ትክክለኛው መንገድስ የትኛው ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

ሦስቱ ምልክቶች የተለያየ ምክንያት አላቸው። ከሁሉም ይልቅ ግራ የሚያጋባው የእኩለ ሌሊቱ ስለሆነ በእርሱ እጀምራለሁ። «ታይመር» የተባለው ፈንክሽን የሚመልሰው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ነው፤ ቀኑ ሲለወጥ ወደ ዜሮ ይመለሳል። አንድ ሙሉ ቀን 86,400 ሰከንድ ስለሆነ ፈንክሽኑ ከዚህ በላይ የሆነ ዋጋ ሊሰጥ አይችልም። አሁን የእርስዎ ሉፕ 23:50 ላይ መጠበቅ ጀመረ እንበል። በዚያ ቅጽበት የፈንክሽኑ ዋጋ 85,800 ነው፤ ኮዱ 900 ይደምርበትና 86,700 እስኪደርስ ይጠብቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ 86,700 ግን በዚያች ሌሊትም ሆነ በሌላ በማንኛውም ሌሊት አይመጣም። የስሕተት መልእክት ያላዩትም ለዚህ ነው፤ ፕሮግራሙ ፈጽሞ ሊሟላ የማይችል ቅድመ ሁኔታ እየጠበቀ ነው እንጂ ከእርሱ አንጻር የተበላሸ ነገር የለም። ዙሩ 15 ደቂቃ በመሆኑ በቀኑ የመጨረሻ 15 ደቂቃ ውስጥ የሚጀምር አንድ መጠበቅ ሁልጊዜ ይኖራል፤ ስለዚህ ሉፑ በየሌሊቱ መቆም አለበት። የሚተርፈው ፋይል የማስገባቱ ሥራ ራሱ ከእኩለ ሌሊት በፊት ተጀምሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ መጠበቁ የሚጀምረው ከዜሮ አካባቢ ስለሚሆን ወጥመዱን ያልፈዋል። ያለ ችግር ያደሩት ሌሊቶች እነዚህ እንደሆኑ እገምታለሁ።

ለዛሬ ሌሊት ማስታገሻ ብቻ ከፈለጉ፣ «ታይመር»ን ትተው ቀኑንም ሰዓቱንም አንድ ላይ የሚይዘውን «ናው» የተባለውን ፈንክሽን ይጠቀሙ፤ የሚቀጥለውንም ሰዓት «ዴትአድ» በተባለው ፈንክሽን ያስሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ፤ በ«ዴትአድ» ውስጥ ደቂቃን የሚወክለው ፊደል «ኤን» ነው እንጂ «ኤም» አይደለም። «ኤም» ወር ማለት ስለሆነ፣ በስሕተት ከጻፉት የሚቀጥለው ዙር ከ15 ወር በኋላ ይሆናል፤ አክሰስም ያለ ምንም ቅሬታ ይቀበለዋል። ይሁን እንጂ ማስታገሻው የሉፑን ዕድሜ ያራዝማል እንጂ ችግሩን አያነሣም፤ መወገድ ያለበት ሉፑ ራሱ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በአክሰስ ውስጥ የቪዥዋል ቤዚክ ኮድ የሚሠራው ፎርሞቹን በሚስለውና የተጠቃሚውን ጠቅታ በሚቀበለው በዚያው አንድ መስመር ላይ ነው፤ ኮዱ ሲሠራ ሌላው ሁሉ ወረፋ ይጠብቃል። «ዱኢቨንትስ» የሚያደርገው ወረፋ የያዙት ለአፍታ እንዲያልፉ በሩን መክፈት ነው። ሉፑ ግን በሰከንድ እጅግ ብዙ ጊዜ እየዞረ ያንኑ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ሰዓቱን ያያል፤ በዚህም የፕሮሰሰሩን አንድ ኮር ያለ ሥራ ሙሉ በሙሉ ይይዛል። የኮምፒውተሩ መክበድ ከዚህ የመጣ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በተከፈተው በር የሚገባው ምን እንደሆነ እርስዎ የማይመርጡ መሆንዎ ነው። ተጠቃሚው ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ቢጫን ሁለተኛ ሉፕ በመጀመሪያው ላይ ተደርቦ ይጀምራል፤ የመጀመሪያውም ሁለተኛው እስኪያልቅ ከሥር ታፍኖ ይቀራል። ፋይል የሚያስገባው ክፍል ውስጥም «ዱኢቨንትስ» ካለ፣ አንዱ ዙር ፋይሉን አንብቦ ወደ ሌላ ፎልደር ሳያዛውረው ሌላው ዙር ሊያነበው ይችላል። አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ የሚገባበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሌላው መንገድ ዳታቤዙ በሁለት ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ሁለቱም ያንኑ ፎልደር ሲቃኙ ነው፤ በእርስዎ ሁኔታ ይበልጥ የምጠረጥረው ይህን ስለሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አክሰስ ለዚህ ሥራ የራሱ መሣሪያ አለው። እያንዳንዱ ፎርም «ታይመር ኢንተርቫል» የተባለ ፕሮፐርቲ (የሚሞላ ባሕርይ) እና «ኦን ታይመር» የተባለ ኢቨንት (ሲደርስ ኮድ የሚያስነሣ ክስተት) አለው። ፕሮፐርቲው የሚሞላው በሚሊሰከንድ ነው፤ 1,000 አንድ ሰከንድ፣ 60,000 አንድ ደቂቃ፣ 900,000 ደግሞ 15 ደቂቃ ይሆናል። ዜሮ ከሆነ ቆጣሪው ይጠፋል። በፎርሙ ላይ ቁጥሩን ከሞሉና በኢቨንቱ ላይ ኮድ ካስቀመጡ፣ የተባለው ጊዜ ባለፈ ቁጥር አክሰስ ኮዱን ይጠራዋል፤ በመሐሉ ያለው ጊዜ ለፕሮሰሰሩ ነፃ ነው። የስም መመሳሰሉ ያደናግራል፤ ሰከንድ የሚቆጥረው ፈንክሽንና የፎርሙ ኢቨንት ከስማቸው በቀር አይገናኙም። ቆጣሪው የሚሠራው ፎርሙ ክፍት እስከሆነ ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ባዶ ፎርም ሠርተው ዳታቤዙ ሲነሣ «አውቶኤክሴክ» በተባለው ማክሮ (የትእዛዞች ዝርዝር) ተሰውሮ እንዲከፈት ማድረግ የተለመደው መንገድ ነው። ተጠቃሚው በየቀኑ በሚከፍተውና በሚዘጋው ፎርም ላይ አያስቀምጡት፤ ሰውየው ፎርሙን ሲዘጋ ሥራው አብሮት ይዘጋል።

ስለዚህ ቆጣሪ ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚያዝነው ሰዓት ነው ብሎ ስለሚያምነው ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጥሪ የሚመጣው ፎርሙ እንደተከፈተ ሳይሆን የተሞላው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። 900,000 ሞልተው በየ14 ደቂቃው ዳታቤዙን የሚዘጋና የሚከፍት ሰው ካለ፣ ሥራው ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም ላይሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥሪው የሚመጣው በዊንዶውስ የመልእክት ወረፋ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌላ ሥራ ካለ ቆጣሪው ይጠብቃል፣ ያመለጡት ጥሪዎችም ተጠራቅመው አይመጡም። ኮድዎ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅና ቆጣሪው በየደቂቃው የተሞላ ቢሆን፣ ኮዱ ሲያልቅ ሦስት ጥሪ ሳይሆን ቢበዛ አንድ ብቻ ይጠብቅዎታል። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሲያሸልብ እርሱም አብሮ ያሸልባል። እንግዲህ ጥሪዎችን እየቆጠረ «አራት ጊዜ ከተጠራሁ አንድ ሰዓት አለፈ ማለት ነው» የሚል ኮድ ቀስ በቀስ ከእውነተኛው ሰዓት መራቁ አይቀርም።

ስለዚህ 900,000 እንዲሞሉ አልመክርም። ቆጣሪውን በ30,000 ይሙሉት፤ ማለትም በየግማሽ ደቂቃው ይጠራ። ሲጠራም ሥራውን ይሥራ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፤ «ሰዓቱ ደርሷል ወይ?» መልሱ መቀመጥ ያለበት በኮዱ ተለዋዋጭ (ኮዱ ዋጋ ለጊዜው በሚይዝበት ስም) ውስጥ ሳይሆን በሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ይህ ከምላሼ ሁሉ ዋናው ነው፤ የቀረው ዝርዝር የዚህ ውጤት ነው። ተለዋዋጭ ፎርሙ ሲዘጋ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ኮዱ ስሕተት ገጥሞት ዳግም ሲነሣ የያዘውን ይረሳል፤ ሠንጠረዥ አይረሳም። ከዚያም በላይ ሠንጠረዡን ሰው ከፍቶ ሊያየው፣ ሊያስተካክለው፣ «አሁን አሠራው» ሊለው ይችላል፤ የሚቀጥለውን ሰዓት ወደ ኋላ መለወጥ ብቻ ይበቃዋል። ዕረፍቱን ወደ 10 ደቂቃ ማሳጠር ቢፈልጉም ኮድ መንካት አያስፈልግዎትም።

ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ረድፍ ይይዛል። የሥራው ስም፣ ዕረፍቱ በደቂቃ፣ የሚቀጥለው ሰዓት፣ «ተይዟል እስከ» የሚል ሰዓት፣ የያዘው ኮምፒውተር ስም፣ በመጨረሻ የተጀመረበትና የተፈጸመበት ሰዓት፣ የመጨረሻው ውጤት፤ እነዚህ ዓምዶች ይበቃሉ። ዳታቤዙ ሠንጠረዦቹን በያዘ ፋይልና ተጠቃሚዎች በሚከፍቱት ፋይል የተከፈለ ከሆነ፣ ይህ ሠንጠረዥ የሚቀመጠው ሁሉም በሚጋሩት ፋይል ውስጥ መሆን አለበት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የየራሱን ሰዓት ይዞ እንደገና ወደ ድርብ ማስገባት እንመለሳለን።

ቆጣሪው ሲጠራ የሚደረገው ይህ ነው። ኮዱ መጀመሪያ ራሱ «ታይመር ኢንተርቫል»ን ዜሮ ያደርገዋል፤ ሥራው ላይ እያለ ሌላ ጥሪ በ«ዱኢቨንትስ» በኩል እንዳይገባበት ነው። ቀጥሎ ሥራውን ለመያዝ ይሞክራል። እዚህ ላይ ረድፉን አንብቦ፣ ሰዓቱን አወዳድሮ፣ ከዚያ «ተይዟል» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ በማንበቡና በመጻፉ መካከል ሌላው ኮምፒውተር ያንኑ ያነባልና። ይልቁንም ማወዳደሩንና መያዙን በአንድ የማሻሻያ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ በሚሰጥ ትእዛዝ) ያድርጉት፦ የሥራው ስም ይህ የሆነ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከአሁኑ ያነሰ ወይም እኩል የሆነ፣ «ተይዟል እስከ» ባዶ የሆነ ወይም ያለፈ ረድፍ ካለ፣ በላዩ ላይ የእኔን ስም ጻፍ፣ «ተይዟል እስከ»ን ከአሁን አንድ ሰዓት በኋላ አድርግ፣ የሚቀጥለውንም ሰዓት አስተላልፍ። ከዚያም ኩዌሪው ስንት ረድፍ እንደለወጠ ይጠይቁ። አንድ ከሆነ ሥራው የእርስዎ ነው። ዜሮ ከሆነ ወይም ረድፉ በሌላ ተቆልፏል የሚል ስሕተት ከመጣ ሰዓቱ አልደረሰም ወይም ሌላው ቀድሞዎታል፤ ቆጣሪውን መልሰው ወደ 30,000 አድርገው ዝም ብለው ይውጡ።

የተለወጡትን ረድፎች ቁጥር የሚሰጠው «ሬከርድስ አፌክትድ» የተባለው ፕሮፐርቲ ነው፤ በዚህ ቦታ ብዙ ጥሩ ኮድ ሲወድቅ አይቻለሁ። «ከረንት ዲቢ» የተባለው ፈንክሽን በተጠራ ቁጥር አዲስ የዳታቤዝ ኦብጀክት ይፈጥራል። በመጀመሪያው ጥሪ ኩዌሪውን አስኪደው በሁለተኛው ጥሪ ቁጥሩን ቢጠይቁ፣ የሚጠይቁት ምንም ያልሠራውን አዲሱን ኦብጀክት ስለሆነ መልሱ ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ኦብጀክቱን አንድ ጊዜ በተለዋዋጭ ይያዙ፣ ኩዌሪውንም በእርሱ ያስኪዱ፣ ቁጥሩንም እርሱን ይጠይቁ። ኩዌሪውን ለማስኬድም «ኤክሰኪዩት» የተባለውን ትእዛዝ፣ ስሕተት ሲገጥም እንዲያስታውቅ ከሚያደርገው ከ«ዲቢ ፌይል ኦን ኤረር» አማራጭ ጋር ይጠቀሙ። ኩዌሪ የሚያስኬደው ሌላው ትእዛዝ «ራን ኤስኪውኤል» የማረጋገጫ መልእክት ያወጣል፤ ያንን ለማፈን «ሴት ዎርኒንግስ»ን ማጥፋት ደግሞ በዚያው የምንፈልጋቸውን ማስጠንቀቂያዎች ያፍናል፣ መልሶ ማብራቱ ከተረሳም ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ እንደ ጠፋ ይቆያል።

«ተይዟል» የሚለውን አዎን ወይም አይደለም በሚል ምልክት ማድረግ ለምን እንዳልመረጥሁ ልግለጽ። ሥራውን የያዘው ኮምፒውተር በመሐል ቢጠፋ፣ ምልክቱ «አዎን» እንደሆነ ይቀራል፤ ማንም አይደፍረውም፣ ሥራውም ሰው ገብቶ እስኪያነሣው ድረስ ይቆማል። የሚያልፍ ሰዓት ከሆነ ግን ባለቤቱ ባይመለስም ከአንድ ሰዓት በኋላ በራሱ ይለቀቃል። የሚሰጠው ጊዜ ሥራው ከሚፈጀው ረጅሙ ጊዜ በደንብ የሚበልጥ ይሁን፤ ካጠረ ሥራው ሳያልቅ ሌላው ይረከበዋል። ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚያወዳድሩት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሰዓት መሆኑንም አይርሱ፤ በመካከላቸው የአምስት ደቂቃ ልዩነት ካለ ይህ ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይሳሳታል። ሥራው በአንድ የተወሰነ ኮምፒውተር ላይ ብቻ እንዲሠራ መፍቀድ ከቻሉ፣ የዚያን ኮምፒውተር ስም በሠንጠረዡ ጽፈው ሌሎቹ ወዲያው እንዲወጡ ማድረግ ከሁሉ ቀላል ነው። ከሁለት ወይም ሦስት ተጠቃሚ በላይ ከሌለዎት እኔ ይህን እመርጣለሁ።

የሚቀጥለው ሰዓት ስሌት ትንሽ ቢመስልም ሐሳብ ይፈልጋል። ከአሁኑ ሰዓት ላይ 15 ደቂቃ ከደመሩ፣ ሥራው የሚፈጀው ጊዜ በየዙሩ እየተጨመረ ሰዓቱ ይንሸራተታል፤ 10:00 የተጀመረው 10:04 ቢያልቅ ቀጣዩ 10:19፣ ከዚያም 10:38 ይሆናል። በሠንጠረዡ ከተጻፈው ከ10:00 ላይ ቢደምሩ ግን 10:15 ይሆናል፤ ሰዓቱም በቦታው ይቆያል። ታዲያ ኮምፒውተሩ ከ10:00 በፊት ጠፍቶ 13:07 ቢነሣ ምን ይሁን? ከ10:00 እስከ 13:00 ድረስ 13 ዙሮች አምልጠዋል። ለእርስዎ ሥራ አንድ ዙር በፎልደሩ የተጠራቀመውን ሁሉ ስለሚያነሣ፣ አንድ ጊዜ ሠርቶ የሚቀጥለውን ሰዓት ወደ 13:15 መዝለል ይበቃል፤ ማለትም ውጤቱ ከአሁኑ ሰዓት እስኪበልጥ ድረስ 15 ደቂቃ እየደመሩ መሄድ ነው። ሥራው በየዙሩ የየራሱን ዘገባ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ግን መዝለል አይገባም ነበር፤ እያንዳንዱ ያመለጠ ዙር ሊሠራና የታቀደለት ሰዓትም ለዘገባው እንደ ግቤት ሊሰጠው ይገባ ነበር። የትኛው እንደሚሻል ፕሮግራሙ አያውቅም፤ የሥራው ባለቤት ይወስናል።

በዚሁ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። አክሰስ ቀንና ሰዓትን የሚያስቀምጠው የቀኑን ቁጥር በሙሉ ቁጥር፣ ሰዓቱን ደግሞ በአሥርዮሽ ክፍልፋይ ስለሆነ፣ በተለያየ መንገድ የተሰሉና በስክሪን ላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሰዓቶች በጥቂቱ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ «እኩል ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ «ደርሷል ወይም አልፏል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ደግሞም 10:15:00ን በእኩልነት የሚጠብቅ ኮድ 10:14:48 ላይና 10:15:18 ላይ ብቻ ሲጠራ ሰዓቱን ሳያገኘው ያልፈዋል።

ስሕተት ሲመጣ የሚሆነው ነገር እንዲህ ያለ ሥራ የሚጸናበት ወይም የሚወድቅበት ቦታ ነው። ቆጣሪውን በመግቢያው ላይ ዜሮ ስላደረግነው፣ ኮዱ በመሐል በስሕተት ቢወጣ ቆጣሪውን መልሶ የሚያበራው የለም፤ ሥራው ይሞታል፣ ፎርሙም ስውር ስለሆነ ማንም አያስተውልም። ስለዚህ ኮዱ በሰላምም ይለቅ በስሕተት፣ የሚወጣበት በር አንድ መሆን አለበት፤ በዚያም በር «ተይዟል እስከ» ይጸዳል፣ ውጤቱ ይመዘገባል፣ ቆጣሪውም ወደ 30,000 ይመለሳል። በስሕተት መያዣው ውስጥ የመልእክት ሳጥን ፈጽሞ አያስቀምጡ። ሌሊት 2:15 ላይ የወጣ ሳጥን «እሺ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው እስኪመጣ ድረስ ሥራውን ይዞ ያድራል። የስሕተቱን ቁጥርና ማብራሪያ በአንድ የመዝገብ ሠንጠረዥ ይጻፉት። የሚቀጥለው ሰዓት በሚያዝበት ጊዜ ስለተላለፈ፣ የወደቀው ዙር በየግማሽ ደቂቃው እየተደጋገመ መዝገቡን አያጥለቀልቀውም፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይሞክራል።

አሁን ወደ ፋይሉ ልምጣ። ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎም አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ የሚነበብበት አጋጣሚ ይኖራል፤ ሥራው ረድፎቹን አስገብቶ ፋይሉን ሳያዛውር መብራት ቢጠፋ ለምሳሌ። ይህን ሙሉ በሙሉ መከልከል ስለማይቻል፣ ደግሞ ቢነበብም ጉዳት እንዳያመጣ ማድረግ ነው የሚበጀው። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ መለያ ካለው በሠንጠረዡ ላይ ድግግሞሽ የማይፈቅድ ኢንዴክስ ይሥሩበት፤ ከሌለው የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር አጣምረው መለያ ያድርጉት። በማስገቢያው ኩዌሪም አስቀድሞ የገባውን ረድፍ የሚለይ ቅድመ ሁኔታ ያክሉ። የአንድ ፋይል ረድፎች በአንድ ትራንዛክሽን ይግቡ፤ ሁሉም ይገባሉ ወይም አንዱም አይገባም፣ ግማሹ ገብቶ ግማሹ የቀረ ፋይል አይኖርም። ላኪው ፕሮግራም ገና እየጻፈ ያለውን ፋይል ማንበብም ሌላው የተለመደ ጣጣ ነው። ላኪውን መለወጥ ከቻሉ በጊዜያዊ ስም ጽፎ ሲጨርስ ብቻ ትክክለኛውን ስም እንዲሰጠው ያድርጉ፤ ካልቻሉ መጠኑ በሁለት ተከታታይ ጥሪዎች ያልተለወጠ ፋይል ብቻ ያንሡ።

በቀን 96 ጊዜ የሚደገም ሥራ የአክሰስን ፋይል ያሳብጠዋል። ፋይሉን መጀመሪያ ወደ ጊዜያዊ ሠንጠረዥ አስገብተው፣ ወደ ዋናው ገልብጠው፣ ጊዜያዊውን የሚያጸዱ ከሆነ፣ የተሰረዙት ረድፎች የያዙት ቦታ ዳታቤዙ በ«ኮምፓክት» ካልታመቀ በቀር ለፋይሉ ስለማይመለስ መጠኑ እያደገ ይሄዳል፤ የአክሰስ ፋይል ጣሪያ ደግሞ 2 ጊጋባይት ነው። ጊዜያዊ ሠንጠረዡን በተለየ ፋይል ያድርጉት፤ ሲያብጥ ያንን ፋይል ጥለው በአዲስ ይተኩት።

ኮዱን በሚጽፉበት ጊዜ ቆጣሪው እየሠራ አይሁን። ቆጣሪው በጠራ ቁጥር በአርታኢው ውስጥ እየጻፉት ያለው መስመር ይረበሻል፣ ጠቋሚው ይዘልላል፣ በመስመሩ መጨረሻ የተዉት ክፍተትም ይጠፋል። ኪቦርድዎ የተበላሸ ይመስልዎታል። ስውሩን ፎርም ዘግተው ይጻፉ።

ሌሊት ሥራው የሚፈለግ ሆኖ ዳታቤዙን ከፍቶ የሚያድር ሰው ከሌለ፣ የፎርም ቆጣሪ አይበቃም፤ አክሰስ ካልተከፈተ ቆጣሪ የለምና። ያን ጊዜ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው «ታስክ ስኬጁለር» በየ15 ደቂቃው አክሰስን በዳታቤዙ ፋይልና ከወደ ፊት ዘንባይ መስመር ጋር በሚጻፈው የ«ኤክስ» አማራጭ አስነሥቶ አንድ ማክሮ እንዲያሠራ ማዘዝ ይቻላል፤ የማክሮው የመጨረሻ እርምጃ አክሰስን መዝጋት ይሁን። የቀደመው ዙር ካላለቀ አዲስ እንዳይነሣ የሚያዝዘውን ምርጫ ይምረጡ፣ የኔትወርክ ፎልደሮችንም በድራይቭ ፊደል ሳይሆን በሙሉ አድራሻቸው ይጥሩ፤ ተጠቃሚ ባልገባበት ክፍለ ጊዜ የድራይቭ ፊደሎቹ አይገኙም። ማይክሮሶፍት የኦፊስ ፕሮግራሞችን ሰው በሌለበት ማሠራትን እንደማይመክር ግን ይወቁ፤ ምክንያቱም ቀላል ነው፣ እነዚህ ፕሮግራሞች ሲቸገሩ ሳጥን አውጥተው ሰው ይጠይቃሉ። የሠንጠረዡ አሠራር ሳይለወጥ እንዳለ ያገለግላል፤ «ደርሷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ብቻ ከፎርሙ ወደ ዊንዶውስ ተዛወረ።

ሠንጠረዦቹ ወደፊት ወደ ዳታቤዝ ሰርቨር ከተዛወሩ የሰርቨሩን የራሱን ሰዓት አስያዥ (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሣ ክፍል) መጠቀም ይሻላል። ማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር «ኤጀንት» አለው፤ በነፃው «ኤክስፕረስ» እትም ግን የለም፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከጫነው በኋላ ነው። ማይኤስኪውኤል «ኢቨንት ስኬጁለር» አለው፤ ከስሪት 8.0 ጀምሮ ሳያበሩት የበራ ነው። ይሁን እንጂ የቀደመው ዙር ሳያልቅ ቀጣዩን ስለሚጀምር፣ «ጌት ሎክ» በተባለው ፈንክሽን መቆለፍ የእርስዎ ድርሻ ነው። ፖስትግሬስ በራሱ ሰዓት አስያዥ የለውም፤ «ፒጂ ክሮን» የተባለው ተጨማሪ ክፍል ይህን ይሠራል፣ አንድን ሥራም በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ አያስኬድም። የሰዓት ክልሉ ካልለወጡት የግሪኒች መሆኑን ግን ያስተውሉ። ኦራክል ከ10ጂ ጀምሮ «ዲቢኤምኤስ ስኬጁለር»ን ይዟል። በሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ሥራ የሚያየው የሰርቨሩን ፎልደሮች እንጂ የእርስዎን ኮምፒውተር ፎልደሮች አይደለም፤ ስለዚህ ለእርስዎ ጉዳይ የፋይሎቹ መድረሻም አብሮ መዛወር አለበት።

ሁሉንም ከሠሩ በኋላ ሌሊት እስኪመጣ ሳይጠብቁ ይፈትኑት። የሚቀጥለውን ሰዓት ከሦስት ቀን በፊት ወደነበረ 23:50 ለውጠው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ መሥራቱንና ቀጣዩ ሰዓት ከአሁኑ ቀጥሎ ወዳለው ሩብ ሰዓት መዝለሉን ይመልከቱ። ትልቅ ፋይል አስቀምጠው ሥራው መሐል ላይ እያለ አክሰስን ከ«ታስክ ማናጀር» ይግደሉት፤ ከዚያ ዳታቤዙን ከፍተው ከፋይሉ አንድም ረድፍ እንዳልገባ፣ «ተይዟል እስከ» ሲያልፍም ሥራው እንደገና መነሣቱን ያረጋግጡ፤ ለፈተናው የመያዣውን የአንድ ሰዓት ጊዜ ወደ ሁለት ደቂቃ ማሳጠር ይችላሉ። በመጨረሻ ዳታቤዙን በሁለት ኮምፒውተር ከፍተው በመዝገቡ ላይ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ስም ብቻ መታየቱን ይዩ። ሁለት ስም ካዩ መጀመሪያ የሥራ ሠንጠረዡ በጋራ ፋይሉ ውስጥ መሆኑን ይመልከቱ፤ ሁለቱም ምንም ካልሠሩ ደግሞ «ከረንት ዲቢ» ሁለት ጊዜ የተጠራበትን መስመር ይፈልጉ።